ነገዶቹ እስኪሰበሰቡ

ስለ እስራኤል ነገዶች መሰብሰብ የጻፍኩትን ሞጣ ሄጄ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንዳነብ መመረጤ ሲነገረኝ፣ በምኖርበት ቢቸና በደስታ ዘለልኩ። ሞጣ ስደርስ ግን ፍርሃት ያዘኝ። እኛ ዘንድ አንባቢ ከሳተ አባቶች ከተቀመጡበት ጮክ ብለው ያርሙታል፤ እኔ ደግሞ ከሳትኩ ዳግመኛ የሚጠራኝ ያለ አልመሰለኝም። የይሁዳና የኤፍሬም በትሮች በሕዝቅኤል እጅ አንድ የሚሆኑበት ላይ ስደርስ ቶሎ ለመጨረስ ንባቤን አፋጠንኩ።

«ቆይ!» አሉ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ።

ከወረቀቴ ቀና አልኩ። «ምን ሳትኩ፣ የኔታ?»

«ምንም። ግን ምን ያስሮጥሻል? ነገዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ እስኪሰበሰቡ ጠብቂያቸው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እየፈራሁ፣ ቀስ ብዬ እንደገና ጀመርኩ፤ እስከ መጨረሻው ማንም አላረመኝም። እናንተም ሕዝቅኤል ሠላሳ ሰባትን ክፈቱና ለሚያርማችሁ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።