የልብስ ሰፊው ድርሻ

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤቴ የወሰዱኝ በጻፍኩት አንድ መጣጥፍ ምክንያት ነው። የያዙኝ ሁለቱ ፖሊሶች አላነበቡትም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ነበር፤ እስር ቤቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መጋዘን ነበር። ሰባት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስምንተኛ ሆንኩ።

አጠገቤ የነበሩት ጀጎል ውስጥ ልብስ የሚሰፉ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም በሐረሪ ወግ "አው" እንላቸዋለን፤ አባት እንደማለት ነው። ስንቅ ማስገባት ተከልክሏል። የሚሰጠን ዳቦና የባቄላ ፉል ብቻ ነው። አው ዳቦውን ብቻ ይበላሉ።

"ባቄላ በልጅነቴ ሊገድለኝ ነበር" አሉኝ። "ደምህ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ይጎድላል አለኝ ሐኪሙ። የጻፈልኝን ወረቀት እዚህ ሲፈትሹኝ ወሰዱት።"

በሦስተኛው ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ የሆነው ኮማንደር ገባ። ፉል አለመብላት የረሃብ አድማ ነው ብሎ ወስኗል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ብላ!" አላቸው፤ አባቱ የሚሆኑትን ሰው።

ብዙ ማንበቤን የረገምኩት ያን ቀን ነው። ተነሥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ኢንዛይም በሰውነት ውስጥ ያለ ሥራ አፋጣኝ ነው። ይኼኛው ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር ይሠራል። ምርቱ ሲበዛ ራሱ ምርቱ ይገታዋል፤ ባቄላ ገብቶ ምርቱ ሲያልቅ ደግሞ ይፈጥናል። የእሳቸው ደካማ ስለሆነ መፍጠን አይችልም፤ ሴሉ ይፈርሳል።

ኮማንደሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ጥሩ። የጎደለውን ኢንዛይም ቤተሰቡ ያምጣለት።"

"ስንቅ ተከልክሏል" አለ ከጥግ አንድ እስረኛ። ማንም አልሳቀም።

ኮማንደሩ ሳህኑ እስኪያልቅ ቆሞ አስበላቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ ለኮማንደሩ አሳየሁት።

"ሻይ ማን ሰጣችሁ?" አለ።

ሽንት መሆኑን ስነግረው ጠርሙሱን ወረወረው። "ዛሬም ይበላል። ስመለስ ሳህኑን ባዶ ላግኘው" ብሎ ወጣ። ሐኪም እንዲጠራ ለመንኩት፤ በሩ ነው የመለሰልኝ።

አው መቆም አቅቷቸዋል። እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

"ቢስሚላህ ብዬ ልጨርሰው፤ በእኔ የተነሣ እናንተን እንዳይነኳችሁ።"

ሳህኑን ቀማኋቸው። አንድ ጉርሻ በላሁና ለሚቀጥለው ሰጠሁት፤ እሱም ለሚቀጥለው። ሰባታችን በላንላቸው፤ ከዳቦአችንም እየቆረስን ሰጠናቸው። ኮማንደሩ ሲመለስ ባዶውን ሳህን አው ራሳቸው በሁለት እጃቸው አስረከቡት።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ያሸነፈ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ቆሞ ማየቱን ተወ፤ እኛም እስክንፈታ ድረስ በየቀኑ እንደዚያው አደረግን። ያ ቢጫነት ከዓይናቸው የለቀቀው ቀስ ብሎ ነው።

ኮማንደሩ ሹመት አግኝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዓይን የሌለው ኢንዛይም እንኳ መጠኑን ያውቃል፤ ያን ሰው የሚገታው ነገር ግን እስካሁን አልተሠራም። የአውም ወረቀት አልተመለሰም፤ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

አው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰዋል። ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ ይጠሩኝና ከጎረቤት ፉል ያስመጡልኛል፤ እሳቸው ዳቦአቸውን በሻይ ይነክራሉ። ፉል ከጠላሁ ቆይቻለሁ። ይህን አልነገርኳቸውም።

"ጨርሰው እንጂ" ይሉኛል ሳህኑን እያዩ፤ "የእኔም ድርሻ እኮ እዚያ ውስጥ አለ።"

እጨርሰዋለሁ።