ሁሪያ ያየችውና የተናገረችው

ፍራሽ ተራ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈጠር ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሁሪያ ጋ ነበር። ሁሪያ ከጋሼ ኸይረዲን ሱቅ ደጃፍ ኬንዳ ወጥራ የፍራሽ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ሞቶባት ከደሴ ስትመጣ ያንን ቦታ ያለ ኪራይ የሰጣት ኸይረዲን ነው። እግሯ የስፌት መኪናውን እየረገጠ አፏ ያወጋል። እገሌ ሚስቱን ለምን እንደፈታ፣ የእገሌ ጭነት ለምን መንገድ ላይ እንደቀረ፣ የነገሩን መነሻ ከመድረሻው አገናኝታ ስትነግርህ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል ብለህ አታስብም።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ላይ የዙሁር ሶላት አዛን ብሎ ብዙ ሰው ወደ መስጊድ ሲሄድ፣ ከኸይረዲን ሱቅ ጀርባ ካለው መጋዘን እሳት ተነሳ። ስፖንጅና ጥጥ ነው፤ ጭሱ ጠቁሮ ሰማዩን ሸፈነው። ሁሪያ የስፌት መኪናዋን ጎትታ ለማውጣት ብቻ ጊዜ አገኘች። እሳት አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ እስኪገባ አስራ አንድ ሱቅ አለቀ። የመጋዘኑን በር ሊከፍት የሮጠው ዘበኛ ሁለት እጁ ተቃጠለ።

ከሰዓት በኋላ ኸይረዲን ጥላሸት የጠጣ ኮቱን እንደለበሰ ከሁሪያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ማንን አየሽ?» አላት።

«ጠሀን አይቼዋለሁ። ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከጓሮው መተላለፊያ ሲወጣ።»

እውነቷን ነበር። ጠሀ ጥጥ ነዳፊ ነው። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ከኸይረዲን ጋር ተጣልቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ ከመጋዘኑ ተባርሯል። ኸይረዲን ሌላ አልጠየቃትም።

ማምሻውን ጎረቤቶቿ ሲከቧት ሁሪያ እንደገና ነገረቻቸው። አንዷ «ከዚያስ?» አለች። ጠሀ ዞር ዞር እያለ ነበር አለቻቸው ሁሪያ። ዓርብ ጠዋት ስታወራው እርምጃውን አፈጠነችው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስታወራው ደግሞ ጀሪካኑ ቤንዚን ሸተተ። እየዋሸች እንደሆነ አልታወቃትም፤ እያስታወሰች ነበር የሚመስላት።

የዚያኑ ዕለት ጎረምሶች ጠሀን አብነት ሰፈር ታክሲ ሲጠብቅ አግኝተው ደበደቡት። ፖሊስ ደርሶ ሲያስጥለው አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

ሰኞ ሁሪያ ለምስክርነት ተጠራች። ተጠርጥሮ የታሰረው ጠሀ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ስታልፍ ከመቀመጫው ተነሳና «እትዬ» አላት። አቀርቅራ ወደ ውስጥ ገባች።

መርማሪው አስናቀው የሚባል፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው።

«ጀሪካኑ ሙሉ ነበር ባዶ?»

«ሙሉ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«አንድ ጎኑ አዘንብሎ ነበር የሚሄደው።»

«የትኛው ጎኑ?»

ሁሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ጠሀን ለማየት ሞከረች። የመጣላት ዓርብ ዕለት ለሴቶቹ ስታወራ የነበረው የራሷ ድምፅ ነው።

«ቀኙ» አለች።

አስናቀው ጽፎ ሲጨርስ አነበበላት። «ቤንዚን በጀሪካን ይዞ፣ ግራና ቀኝ እየተገላመጠ፣ በጥድፊያ ሲወጣ አይቻለሁ።» ወረቀቱን አዙሮ እስክሪብቶ ሰጣት። በመስኮቱ ኸይረዲን ይታያታል፤ የጣቢያው በር ላይ ቆሟል፣ ያንኑ ኮት ለብሶ። እጇ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ይሄ የተናገርኩት ነው» አለች።

«አዎ፣ የእርስዎ ቃል ነው።»

«ያየሁት ግን አይደለም።»

አስናቀው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «እትዬ፣ ቃልዎን መቀያየር እንደሚያስጠይቅዎት ያውቃሉ?»

«ይጠይቁኝ። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ጠሀን አይቻለሁ፣ ጀሪካን ይዟል።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ፊቱስ? ደንግጧል?»

«ያየሁት ጀርባውን ነው።»

አስናቀው አዲስ ወረቀት አወጣ። ሦስት መስመር ሆነ። ፈረመች።

ኸይረዲን በሩ ላይ ያዛት። «ምን አልሻቸው?»

ነገረችው። ፊቱ እየተለወጠ ሲሄድ አየች።

«ታዲያ ማነው ያቃጠለኝ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ዝም ብሎ ተቃጠለ? ያለ ምክንያት?»

ኸይረዲን ዞር ብሎ ሳያያት ሄደ። ተራው እንደገና ሲሠራ ለእሷ ኬንዳ የሚሆን ቦታ ጠፋ፤ መኪናዋን አሸክማ አማኑኤል ወዳለችው አንድ ክፍል ቤቷ ወሰደች። ድሮ ወሬዋን ይሻሙ የነበሩት ሴቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ።

ጠሀ ከሃያ ቀን በኋላ ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀና ቤቷ ድረስ መጣ። ሁሪያ በሩን ስትከፍት ፈራች፤ እሱም እንደፈራች አወቀና ሳይገባ ደጁ ላይ ቆመ።

«ውሃ ነበር» አላት። «ለውዱዕ፣ ከሶላት በፊት ልታጠብበት።»

ማመን ፈለገች። ንጹሕ ሰው በከንቱ ተደብድቦ፣ እሷ አፏን ሰብስባ ያተረፈችው፤ ይሄም ቢወራ ያምር ነበር። መፈለጓ ራሱ አስደነገጣት።

«ሳልጠነቅቅ ባወራሁት ተደበደብክ። አፉ በለኝ» አለችው። «ውስጡን ግን አላየሁም፣ ጠሀ።»

«ንጹሕ ነው ብለው አልመሰከሩልኝም ማለት ነው?»

«አልመሰከርኩም።»

የተመታው ዓይኑ ያለቅሳል፤ በእጁ ጀርባ ጠረገውና ሄደ። አፉ አላላትም። በኋላ ወደ ጅማ ሄደ ሲሉ ሰማች።

የእሳቱ መነሻ አልታወቀም። አሮጌ የመብራት ሽቦ ነው ያለ አለ፣ ከሰል ነው ያለ አለ፣ ጠሀ ነው ማለትን ያልተዉም ነበሩ። ሁሪያን ሲጠይቋት የምትለው ያችን ሦስት መስመር ነው። ሰዎች ትንሽ ይጠብቁና ሌላ ወሬ ያነሳሉ።

በሁለተኛው ዓመት ኸይረዲን በሯን አንኳኳ። አርጅቷል። ወንበር ሰጠችው።

«ለራሴ ብቻ ነው» አላት። «ለማንም አልናገርም። ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደኝ፣ እሱ ነው ወይም አይደለም በይኝ።»

«ጋሼ፣ ሁለቱንም አሳምሬ ልነግርዎት እችላለሁ» አለችው። «የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

ኸይረዲን መሬት መሬቱን እያየ ከሰዓት በኋላ የዓስር ሶላት አዛን እስኪል ተቀመጠ። ሲነሳ ልጁ ሰልሰቢል ልታገባ መሆኑን፣ ሁለት የፍራሽ ልብስ እንደሚያስፈልጋት ነገራት።

ሁሪያ ሜትሯን አወጣችና ስፋቱን ጠየቀችው።