ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

መቀመጥ አልችልም። እዚህ ኔታንያ በዕብራይስጥ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ወንበሬ የቦርሳዬ ማስቀመጫ ነው፤ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስመላለስ እውላለሁ። ባልደረቦቼ የእሷን ወንበር ለሌላ ክፍል እንስጠው እያሉ ይቀልዱብኛል። ያን ሳምንት ግን ቀልዳቸውም አላሳቀኝም። ከክፍሌ ልጆች አንዷን ሊወስዱብኝ ነበር።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ በፈረቃ ስለምትሠራ የሚያሳድጓት በሱዳን በኩል የመጡት አያቷ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው የጎንደር አማርኛ ነው። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም ማለት ይቻላል። ጽሕፈቷ ጥሩ ነው፤ ስትጠየቅ ግን ዓይኗን ትሰብራለች፣ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ በቃ። የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት አንድ ጠዋት ለብቻዋ ስታነጋግራት ቆየችና፣ ጥያቄ ሲቀርብላት ትደነግጣለች፣ አትመልስም፣ የሚባለውም የሚገባት አይመስልም አለችኝ። ስብሰባ ተጠራ። ልጅቷ ቴል ሞንድ በምትባል ሌላ ከተማ ወዳለ የልዩ ፍላጎት ክፍል ትዛወር ወይስ እኔ ጋ ትቆይ የሚለው እዚያ ይወሰናል ተባለ።

ያበሳጨኝ መከራከሪያ ማጣቴ ነው። እንደሚገባት ሆዴ ያውቃል። ሆዴ ያውቃል ብዬ ስብሰባ ላይ ብናገር ደግሞ፣ ልጅቷ የራሷ ወገን ስለሆነች ነው የምትሟገትላት እንደሚሉኝ አላጣሁትም።

አያቷን ያገኘኋቸው ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ወደ ቃዲማ ዞራን፣ ወደ ቤቴ፣ የሚወስደኝን አውቶቡስ እየጠበቅሁ ወዲያ ወዲህ ስል፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አየኋቸውና ቀርቤ ሰላም አልኳቸው። አረፍ በዪ ቢሉኝም ቆሜ ስለ ልጅቷ እጠይቃቸው ጀመር። ቤት ውስጥስ ታወራለች ወይ ስላቸው ሳቁብኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ወሬዋ መች ያልቃል! በቴሌቪዥን የዕብራይስጡን ዜና፣ ሐዳሾቱን፣ ሰምታ ወዳማርኛ እየመለሰች የምትነግረኝ እሷ አይዶለች?»

«ታዲያ እርስዎ የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች?» አልኳቸው።

አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ አውቶቡሶቹን ማየት ቀጠሉ። መልስ ሰጥተውኛል፤ አዎ ማለታቸው ነበር።

እናቴም አባቴም አዎ የሚሉት እንዲሁ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ እል ነበር። እዚሁ ኔታንያ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪዬ ያነቀኝ መስሏት ውኃ ስታመጣልኝ፣ ክፍሉም በሳቅ ሲያውካካ፣ ተውኩት። በእሱ ፈንታ ዕብራይስጡን አዎ፣ «ኬን»ን፣ ከማንም በላይ ጮክ አድርጌ ማለት ለመድኩ። ለካ ጆሮዬም አብሮ ረስቷል። ልጅቷ ከትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ አንሥቶ ፊት ለፊቴ አዎ ስትለኝ ከርማለች፤ እኔ አልሰማኋትም። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፣ እዚያው ቀረሁ። በጣም አፈርኩ።

ማፈሬ አደብ አስገዛኝ እንዳልል፣ ጭራሽ ባሰብኝ። እስከ ስብሰባው ድረስ በየዕረፍቱ ልጅቷን እየጠራሁ፣ ኬን በዪ፣ አፍሽን ክፈቺ፣ ጮክ በዪ እያልኩ ወጥሬ ያዝኳት። ለራሷ ብዬ ነበር። አንዴ ኬን አለች፣ በሹክሹክታ፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ትንፋሽም ጠፋች። ስጠይቃት እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ ታየኛለች። አድናታለሁ ስል ይብስ እንደማርቃት ይታየኛል፤ ማቆም ግን አልቻልኩም።

በስብሰባው ላይ ርዕሰ መምህርቷ፣ ሳይኮሎጂስቷ፣ አያትየውና እኔ ነበርን። ስለ ትንፋሹ አስረዳሁ። በዕብራይስጥ ስናገረው ለራሴም የፈጠራ ወሬ መሰለኝ። ሳይኮሎጂስቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ እንግዲያው አብረን እንያት ብላ ልጅቷን አስጠራች። አጠገቧ ቁጢጥ ብላም ክፍልሽን ትወጂዋለሽ ወይ ስትል በዕብራይስጥ ጠየቀቻት።

ልጅቷ አያቷን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ቃልም የለ፣ ትንፋሽም የለ። እኔ በሆዴ በይ እንጂ፣ በይ እንጂ እላለሁ። ርዕሰ መምህርቷ ሰዓቷን አየት አደረገች።

በመጨረሻ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ሞራ» አለችኝ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ በዕብራይስጥ አስተማሪ ብለው እንደሚጠሩኝ። የቀረውን በአማርኛ ጨረሰችው።

«በየትኛው አዎ ልመልስላት?»

አያትየው አንገታቸውን ደፉ። ሳይኮሎጂስቷ፣ ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት፤ በቤታችን አዎ ልመልስ ወይስ አንቺ ባስተማርሽኝ ነው የምትለኝ አልኳት። ሳይኮሎጂስቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሁለት አዎ መካከል የምትመርጥን ልጅ አይገባትም ማለት አይቻልም፤ እኔ ጋ እንደምትቆይ ያኔ ገባኝ። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መልሴን ትጠብቃለች።

«በመጣልሽ መልሺ» አልኳት። «አሁን እሰማለሁ።»