የእናቴ የደም ቧንቧ

እናቴ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ጨውና ስኳር ትሸጥ ነበር። ሆዷ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ማበጡ በስካን ሲታወቅ፣ ሐኪሙ ኩንታል እንዳታነሳ አስጠነቀቃት።

«ታዲያ ማን ያነሳልኛል፣ አንተ?» አለችው።

ቧንቧው ከፈነዳ እንደማትተርፍ ነገራት። ሆድ ተከፍቶ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና ደግሞ ልቧ አይችለውም።

የቀረው ስቴንት ነበር፤ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ያበጠውን ቦታ ከደሙ ግፊት የሚከልል፣ ጨርቅ የለበሰ የሽቦ ቱቦ። የእኔም እንጀራ እሱ ነው፤ ውጭ አገር ስቴንት የሚያሻሽል ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ገበያ ላይ ያሉት ለእናቴ አይሆኑም። ከእብጠቱ በላይ ስቴንቱ የሚይዝበት ጤነኛ ቦታ አጭርና ጠማማ ስለሆነ ደሙ በጎን ሾልኮ ይፈሳል። አለቃዬ ስካኗን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንዲህ ያለ ክፉ ቧንቧ ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለ።

ደስታው አስጠላኝ።

እናቴ ፈቅዳ የቧንቧዋን ቅጂ ከስካኑ ላይ ሲሊኮን በሚባል ለስላሳ ጎማ ቀረጽነው። ቀይ ውሃ በፓምፕ እየገፋንበት አዲሱን ስቴንት ሞከርን። ብዙ ጊዜ አፈሰሰ፤ በመጨረሻ ያዘ። ጋምቤላ ስሄድ አንዱን ቅጂ ወሰድኩላት፤ ባንኮኒው ላይ ሚዛኑ አጠገብ አቆመችው። ወደ ፑኝዶ ዕቃ የሚጭን ደንበኛ ዋጋውን ጠየቃት።

«አይሸጥም፣ ሆዴ ነው» አለችው።

ስቴንቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ሲፈቀድ እናቴን እንዲያስገቡልኝ ለመንኩ። ደንቡ ግን ለክትትል ሲባል ከሆስፒታሉ ርቆ የሚኖር ሰው አይቀበልም። ደውዬ ነገርኳት።

«ሆዴን ወስደሽ እኔን ተውሽኝ በያ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ስቴንቱ የገባላት የመጀመሪያዋ ታማሚ በእግሯ ቤቷ ገባች። ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ። ከሳህኔ ላይ ሳልጨርሰው ወንድሜ ደወለ። እናቴን ሱቋ ውስጥ፣ የስኳር ኩንታል ላይ ተደፍታ አግኝተዋታል።

ለቅሶ ላይ ሳለሁ አለቃዬ ጻፈልኝ። አጽናንቶኝ ሲያበቃ፣ የላብራቶሪው ቅጂ ስለተሰነጠቀ ሌላ እስኪቀረጽ የእናቴን ይዤ እንድመለስ ጠየቀኝ።

ከባንኮኒው ላይ ሳነሳው ወንድሜ አየኝ። «ይሄንንም?» አለኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፓምፑን ስከፍት የእናቴ ቧንቧ መዳፌ ሥር ይመታል። ጠብታ አያፈስም።