ጥፋትን ለሁለት የሚያካፍሉት ሽማግሌ

አሰላ ውስጥ ተጣልቶ ጋሽ እንደሻው ያላስታረቁት ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ከተማዋን የረገጠው ዛሬ ጠዋት ነው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢቆሙ የጭላሎን ተራራ ሁለት ጊዜ ዞረው ትርፉ ሳጉሬ ገበያ ይደርሳል። ውሾች እንኳ ሲናከሱ እሳቸው ብቅ ካሉ አፍረው ይለያያሉ ይባላል።

ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ጥፋቱን ለሁለት ማካፈል። በግ የሰረቀው "በመስረቄ" ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ባለበጉም "በረቴን ደህና አድርጌ ባለመዝጋቴ" ይላል። ጥርስ ያወለቀና ጥርሱ የወለቀ ተሳስመው ይወጣሉ፤ አንደኛው ትንሽ እየተኮላተፈ። ማን ልክ እንደሆነ የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ፣ "ልክ የሚባለው እንደ ሰዉ ነው ልጄ፤ እሱ ጋ ቆመህ ስታየው እሱ ልክ ነው፣ እሷ ጋ ቆመህ ስታየው እሷ" ይሉታል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አሰፋሽ የምትባል የሰፈር ሴት ባሏ መትቶ አንድ ዓይኗን አጠፋባት። ጋሽ እንደሻው ለሽምግልና ሲቀመጡ ጎረቤታቸው ዙቤዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"አቦ ጋሽ እንደሻው! በእኛ ቢሆን ሴቶቹ የሚስት መከበሪያ የሆነውን ሲንቄ በትራቸውን ይዘው ግቢውን ይሞሉት ነበር። ሚስት ደብድቦ ግማሽ ጥፋት የሚባል አናውቅም!"

"ያ የእናንተ ነው ዙቤዳ፤ ይሄ የእኛ። ሁሉም በየቤቱ ልክ ነው" አሏት።

አሰፋሽ "ባሌን ስላስቆጣሁ" ብላ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጋሽ እንደሻው ያን ቀን ምሳ ጥሩ አድርገው በሉ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ልጃቸው ናዝሬት ከሳጉሬ በሚኒባስ መጣች፤ ግራ እጇ በጀሶ ታስሯል። ባሏ አሰግድ፣ እህል ነጋዴው፣ "ደንበኞቼ ፊት መልስ ሰጠሽኝ" ብሎ በበር መቀርቀሪያ መቷት ነው።

"አባዬ፣ አልመለስም።"

"አትመለሺም" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሰግድ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በር ላይ ቆሙ። ፊት የቆመው ይበልጣል ነው፤ ሽምግልናን ከጋሽ እንደሻው ሥር ቁጭ ብሎ ሲማር አሳሳላቸውን ሳይቀር ወርሷል።

"እሺ ካላሉን አንቀመጥም።"

"ቁጭ በሉ እንጂ። እሺው በኋላ ይመጣል።"

ተቀመጡ። ይበልጣል ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አደረገ። "እንግዲህ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። እሱ እጁን ሰንዝሯል፤ እሷም ምላሷን።"

"እጁን አይደለም፣ መቀርቀሪያ ነው!" አለች ናዝሬት ከጓዳው በር።

"እሺ እህቴ፣ መቀርቀሪያ። ምላስሽም አጭር አልነበረም ይባላል።"

"ይሄ ልክ አይደለም" አሉ ጋሽ እንደሻው። ሦስቱም ዞረው አዩዋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

"ለምን?" አለ ይበልጣል። ከልቡ ተገርሞ እንጂ ለነገር አልነበረም።

"አጥንቷ ተሰብሯላ!"

"የእሱም ክብር ተሰብሯል። የማይታይ ስብራት ይብሳል ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?"

"እሱ ጉልበተኛ ነው፣ እሷ አቅም የላትም!"

"ጉልበተኛም ሆድ ይብሰዋል ይሉን የለ?"

ያነሱት ምክንያት ሁሉ በገዛ አፋቸው ተመልሶ መጣባቸው። ላብ አጠመቃቸው፤ በሐምሌ፣ በአሰላ ብርድ! በመጨረሻ ግን አገኙት።

"ስማ ይበልጣል። አንተ ብትሰበር አትወድም። ልጅህ ብትሰበር አትወድም። ላንተ ልጅ ክፉ የሆነ ነገር ለሌላው ልጅ እንዴት ደግ ይሆናል? የማንም ልጅ ትሁን፣ በማንም ቤት፣ በማንም ባህል፣ ይሄ በደል ነው። ግማሽ የለውም።"

ይበልጣል ለመሳል አፉን ከፍቶ ተወው። ናዝሬት ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

እስከዚያ ትንፍሽ ያላለው ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ግዛቸው፣ መሬት መሬት እያየ፣ "አሰፋሽስ?" አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው።

"አሰፋሽም የሰው ልጅ ነበረች፣ ጋሽ እንደሻው። ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር ይበሉንና ልጅዎን አንወስድም፤ እኔ ራሴ ሳጉሬ ሄጄ ለአሰግድ እነግረዋለሁ። እንዲያ ካላሉን ግን፣ ዛሬ የሚናገረው ሽማግሌው ሳይሆን አባትየው ነው።"

ጋሽ እንደሻው ነገሩ ወለል ብሎ ታያቸው። ልክ የሚባለው እንደ ሰዉ ከሆነ እሳቸው በማንም ላይ ያጠፉት ነገር የለም፤ ልጃቸው ግን ትሄዳለች። ምክንያታቸው እውነት ከሆነ ልጃቸው ትቀራለች፤ እሳቸው ግን አሰፋሽንና ከአሰፋሽ በፊትና በኋላ የመለሷቸውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እያወቁ ወደ ዱላ የላኩ ሰው ይሆናሉ። እውነት መሆኑን ደግሞ አሁን ያውቃሉ። የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ "ተሳስቻለሁ"። የአሥር ሺህ ሰው ጠብ ያበረደው ምላስ ይህችን አንዲት ቃል ማንሳት አቃተው።

"አባዬ?" አለች ናዝሬት።

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

ናዝሬት ወደ ጓዳ ገብታ ቦርሳዋን በደህናው እጇ ይዛ ወጣች። "መልስ ስለሰጠሁት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እንሂድ" አለች፤ አባቷን ግን አላየቻቸውም።

የምርቃቱ ተራ የቤቱ ጌታ የጋሽ እንደሻው ነበር። ዝም ስላሉ ይበልጣል ተነሥቶ፣ "ቤታችሁ የሰላም ይሁን፤ ፍቅራችሁ ይጽና" ብሎ መረቀ።

"አሜን" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"አሜን" አሉ ጋሽ እንደሻውም።