ስሙን ለፈረስ ሌባ የሰጠው ኤቫሪስቶ

በዚያ ዘመን ሮማ ውስጥ የካውቦይ ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱን እናቱ፣ ሌላውን የፊልሙ ባለቤት ያወጡለት። የባሪ ከተማ ልጅ የሆነው ዳይሬክተራችን ፋውስቶ ቤላርዲ ፖስተር ላይ ሲወጣ «ሩፐስ ሃርላን» ይባላል። ፈረሶቹን ድርቆሽ የሚያበላው ሽማግሌ እንኳ አሜሪካዊ ሆኖ ነበር። ለምን ቢባል፣ ጣሊያን የሠራውን የካውቦይ ፊልም ጣሊያን ከፍሎ አያይም ተብሎ ስለተወሰነ ነው። ማን ወሰነ? ራሳቸው ጣሊያኖች! አገር ሙሉ ሰው እየተጠቃቀሰ እርስ በርሱ ይዋሻል፣ ይህንንም ንግድ ይለዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያለው ሰው እኛን አላየንም። የእኛ ሰዎች ስም በቁማቸው ተቀብሮ ነበር።

ኤቫሪስቶ ማንኩዚ በቁሙ ከተቀበሩት አንዱ ነው። ሥራው የፊልም ድርሰት መጻፍ ሲሆን፣ የክርስትና ስሙ በፊልሙ ሰዎች ዘንድ «ቴድ ማክግሬይ» ነበር። አሜሪካን አያውቃትም። ፈረስም ቢሆን ከወተት ጋሪ ጋር ካልታሰረ በስተቀር ቀርቦ ነክቶ አያውቅም። ሲጽፍ ግን ብታዩት! ተኩሱን በአፉ ይተኩሳል፣ የቆሰለውን ሆኖ ከወንበር ይወድቃል፣ ተነሥቶ ራሱን ይበቀላል። አከራይዋ ከታች ጣሪያውን በመጥረጊያ ስትደበድብ «ሸሪፉ መጣ!» ብሎ አልጋ ሥር ይገባል።

እኔ ኑንዚያታ ነኝ፤ ፊልም እየቆረጥኩ የምቀጥል። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ነው፤ እሱንም ረሳሁት።

አንድ የብርድ ወቅት እሑድ ኤቫሪስቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ሮካፔንታ ይዞኝ ሄደ። አባቱ፣ በሙያቸው «ማስትሮ» የሚባሉት አሚልካሬ፣ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ከቅዳሴ በፊት ወንዱ ሁሉ ሱቃቸው ውስጥ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሪጌቶ ወንበሩ ላይ በሳሙና አረፋ ተቀብሮ ተቀምጧል።

«ማስትሮ፣ ልጅዎ ዛሬም ፊልም ይሠራል?» አለ ሪጌቶ።

«ይሠራል።»

«እኛ እኮ አንድም ፊልም አያመልጠንም። ስሙ የታለ? እስር ቤት ከሆነ አይፈሩ፣ ይንገሩን፤ ዳቦ እንልክለታለን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማስትሮ አሚልካሬ አልሳቁም፤ ምላጩን አንሥተው እጃቸውን ለልጃቸው አሳዩት። ይንቀጠቀጣል።

«ተመልከት። ባለፈው ሳምንት የሪጌቶን ጆሮ ልወስደው ለጥቂት ነው የተረፈው።»

«ትንሽ ወስደዋል» አለ ሪጌቶ።

«ዝም በል አንተ! ኤቫሪስቶ፣ ስማኝ። ሮማ ሄድክ፣ ዝም አልኩ። ጸሐፊ ነኝ አልክ፣ አመንኩ። አሁን ግን እየተሳቀብኝ ነው፣ እጄም ከዳኝ። እስከ ነሐሴው የቅዱስ ሮኮ በዓል ድረስ ስምህ ቄሱ ፊልም በሚያሳዩበት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ከወጣ፣ ሱቁን እዘጋለሁ፤ አንተም ሮማህ ትኖራለህ። ካልወጣ ምላጩን ትረከባለህ። ደጃፉን አይተኸዋል? ማንኩዚ ይላል። እዚህ ስም አለህ።»

«እሺ አባባ» አለ ኤቫሪስቶ። ቃሉንም በሰው ሁሉ ፊት ሰጠ።

አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ሮማ እስክንደርስ ድረስ አንድም ጥይት አልተኮሰም። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ይህን ሰው ከጽሕፈት መኪናው ነጥሎ ምላጭ ማስያዝ ዓሣን አውጥቶ ዛፍ ላይ እንደ መስቀል ነው።

በማግስቱ የፊልሙ ባለቤት ፓስቶሬሊ ቢሮ ገባን። ሰውየው ቀድሞ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ይነግድ የነበረ ነው። አሁን «ኮሜንዳቶሬ» ብለው በማዕረግ ካልጠሩት አይሰማም።

«ኮሜንዳቶሬ፣ በሚቀጥለው ፊልም ስሜ እንዲወጣ እለምናለሁ።»

«ይወጣል እንጂ! ቴድ ማክግሬይ! በትልቁ!»

«የራሴ ስም።»

ኮሜንዳቶሬ በእውነተኛ ሐዘን አየው። «ቴድ፣ ልጄ፣ አሞሃል? የራስህ ስም ለማን ይጠቅማል?»

ልብ በሉ፤ ስምህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ያን ያህል ፊልም አጽፎት፣ ልጆቹን አስተምሮበት፣ የሰውየውን ስም አያውቅም! የምናደደው በዚህ ነው። ሌባ እንኳ የሚሰርቀውን ዕቃ ያየዋል።

ያ «የሚቀጥለው ፊልም» የመጣው ከስፔን፣ ከአልሜሪያ በረሃ ነው። የካውቦይ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ካላወቃችሁ አትደንግጡ። አሜሪካዊው አክተር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጀርመኑ በጀርመንኛ ይመልሳል፣ ስፔኑ በስፔንኛ ይሰድባል፣ አንዱም ሌላው ያለውን አይሰማም። ቃሉ የጠፋበት ደግሞ ቁጥር ይቆጥራል፤ አፍ ከተንቀሳቀሰ ይበቃል። «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!» እያለ የሚያለቅሰው ሰው በእውነቱ «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት» እያለ ነው። ከዚያ ሮማ ላይ እኛ ድምፅ እናለብሰዋለን።

የዚህኛው ግን ባሰ። ድርሰቱን ነፋስ ወስዶበት ፋውስቶ የመጣለትን ነበር የቀረጸው። አክተሩ መጀመሪያ ላይ ቀብሮ ያለቀሰለትን ሰው መሀል ላይ ሲያቅፈው ይታያል። ጋብቻ አለ፣ ሙሽሪት ግን የለችም። ኮሜንዳቶሬ አየና ላብ አጠመቀው።

«ቴድ፣ አድነኝ። አፋቸውን እያየህ አዲስ ታሪክ ጻፍ።»

ጨለማው ክፍል ውስጥ ገባን። እኔ ቁራጩን ፊልም ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ እንደ ቀለበት አዞረዋለሁ፤ ያው ትዕይንት እየተመላለሰ ይመጣል፤ ኤቫሪስቶ አፍ እያየ ይጽፋል። የተቀበረው ሰው መንታ ወንድም ተሰጠው። ሙሽሪት መነኮሰች። ከመሳቃችን ብዛት ወንበር ሰበርን።

ከዚያ የፈረስ ሌባው መጣ። ጀርመናዊው ተዋናይ አሸዋ ጥርሴ ውስጥ ገባ ብሎ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከሚሰቀልበት ድረስ አፉን በሻርፕ እንደሸፈነ ነበር።

«ኑንዚያታ፣ እስቲ ድገሚው» አለ ኤቫሪስቶ። ደገምኩት። «አሁንም።»

«ምን አየህ? ሻርፕ ነው።»

«አፉ አይታይም! ይህ ሰው የፈለግነውን መናገር ይችላል! ስሙ ማን ነው?»

«ስም የለውም። ድርሰቱን ነፋስ ወሰደው።»

ኤቫሪስቶ ከወንበሩ ተነሥቶ ሻርፑን እንደሚያስተካክል ሰው አንገቱን ነካካ። «አለው» አለ።

ሸሪፉ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሲጮህ «ማንኩዚ! እጅህን ስጥ!» እንዲል ተደረገ። ሴቶቹ በመስኮት «ማንኩዚ መጣ!» አሉ። ፈረስ ሲነዳ የሚታየውን መለወጥ አልቻልንም፤ ሥዕሉ የኮሜንዳቶሬ ነው። ቃሉ ግን የኛ ነው። ስለዚህ ፈረሶቹን ለባለቤቶቻቸው ሊመልስ የሚነዳ ደግ ሰው አደረግነው። ስቅላቱም አልቀረም። ፋውስቶ ግን እግዜር ይስጠው፣ ገመዱ ሥር የቆመውን ሰውዬ ነፋሱ እያወዛወዘው ረጅም ጊዜ ቀርጾታል። ያንን ጸጥታ ኤቫሪስቶ በንግግር ሞላው። ድምፁን የሰጠው ወፍራሙ ጓልቲዬሮ ሦስት ጊዜ በሳቅ አበላሸው፤ በአራተኛው አለቀሰ።

ቅዳሜ ኮሜንዳቶሬ ሊያይ መጣ።

«ማንኩዚ!» አለ ጭኑን እየመታ። «ግሩም ነው! ገና ሲጠራ ሌባ ሌባ ይሸታል። ቴድ፣ ከየት አገኘኸው?»

ኤቫሪስቶ መለሰ፦ «ከአባቴ።»

«አባትህ ጎበዝ ሰው ናቸው» አለና ቆቡን አነሣ። ቅዳሜ ሮማ ውስጥ የጨጓራ ወጥ ቀን ስለሆነ የመጨረሻውን ክፍል ሳያይ ወጣ።

ፊልሙ ሮማ ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ በስቅላቱ ላይ ተነሥቶ አጨበጨበ። ወሬው ኮሜንዳቶሬ ጆሮ ሲገባ እንደ በሬ እያገሣ መጣ።

«ይሄ ማንኩዚ የሚባል ወሮበላ ማን ነው? ፊልሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ ይላል! ቴድ፣ ተሰርቀሃል! በገዛ ፊልሜ ውስጥ ገብቶ ዘረፈህ!»

«ይገርማል» አለ ኤቫሪስቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

«ፈልገህ አምጣልኝ! አንቺ ደግሞ ንግግሩን ከየኮፒው ቁረጪ!»

ቆረጥኩ። ታዝዤ በእጄ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱን ስቆርጥም ተሳደብኩ። ወደ ተራራው መንደሮች የሚሄደው ኮፒ ጋ ስደርስ መቀሱን አስቀመጥኩ። ረሳሁት ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም፤ እምቢ አልኩ።

በቅዱስ ሮኮ በዓል ከሰዓት በኋላ የሮካፔንታው የቄስ ሲኒማ እስከ ደጃፉ ሞላ። ማስትሮ አሚልካሬ የሠርጋቸውን ልብስ ለብሰው ፊት ተቀመጡ። መብራት ጠፋ። ስሞቹ መጡ። «ድርሰት፦ ቴድ ማክግሬይ።»

አዳራሹ በፌዝ አፏጨ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው እንኳ አላዞሩም።

«አበቃ። ነገ ምላጩን ትስላለህ።»

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ይቀመጡ።»

«ማንበብ የማልችል መሰለህ? አየሁ እኮ!»

መተላለፊያው ላይ ደርሰው ሳለ ሸሪፉ ከኮረብታው ጮኸ፦ «ማንኩዚ! እጅህን ስጥ!»

ማስትሮ አሚልካሬ እጃቸውን ሰጡ። እውነቴን ነው፤ ሁለቱንም ወደ ላይ አነሡ። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ።

«ማስትሮ፣ ፈረስ ሰረቁ እንዴ?» አለ ሪጌቶ።

«እኔ አይደለሁም! እሱም አልሰረቀም! ሲመልስ ነው፣ አትሰማም?»

ካሉበት ወለል ላይ ተቀመጡ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሕዝቡ «አቤት!» ይላል። ሴቶቹ ለማንኩዚ ውኃ የነፈገውን ሰው እየረገሙ ጫማ ወረወሩበት። ገመዱ ሲመጣ ግን ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሻርፑ በነፋስ ተንቀሳቀሰ፦

«ስሜ ኤቫሪስቶ ማንኩዚ ነው። የሮካፔንታው ፀጉር አስተካካይ የአሚልካሬ ልጅ ነኝ። ፈረስ አልሰረቅሁም። የሰረቅሁት ነገር ቢኖር የእናንተን የከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው። እስካሁን የሰማችሁትን ቃል ሁሉ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሁን ገመዱን ሳቡ፤ ነፋሱ አስቸገረኝ።»

ሳቡት። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ቄሱ ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ ደግመው እንዲያሳዩ ተገደዱ፤ ሁለቴም አዳኝ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ነበር።

ወጥተን አደባባዩ ላይ ቆምን። መንደሩ ሁሉ ከበበን። ሪጌቶ ነገር ካልፈለገ ምሳ አይወርድለትም።

«ማስትሮ፣ ውላችሁ ‹ይጻፍ› የሚል ነበር። ይኼ ተጮኸ እንጂ አልተጻፈም።»

 ኤቫሪስቶ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ሽማግሌው አሰቡ፤ ከሠርግ ልብሳቸው ላይ የወለሉን አቧራ አራገፉ።

«የተጻፈውን ማን ያነባል?» አሉ። «ግማሻችሁ ፊደል አትለዩም፤ አንተ ራስህ ሪጌቶ፣ የቅዱሱን ስም ዳቦ ላይ ገልብጠህ ትጽፋለህ። ይህን ግን ደንቆሮው ቱሊዮ ሳይቀር ሰምቶታል።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ቱሊዮ ከኋላ።

ማስትሮ አሚልካሬ የልጃቸውን አንገት በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ገመዱ ያረፈበትን ቦታ እንደሚፈትሽ ሰው። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«በዚያ ላይ» አሉ፣ «ይህ ልጅ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ሦስት ጊዜ ተሰቅሏል። የተሰቀለ ሰው ፀጉር ሲቆርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሂድ ወደ ሮማህ!»