ግምቴ ትክክል የነበረበት ዓመት

እትዬ ሐዋ ጌም ቤት የተቀጠርኩት ሰዓት ያዥ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰጡኝ ዕቃዎች የግድግዳ ሰዓት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነበሩ። ተጫዋች ሲቀመጥ እጽፋለሁ፤ ጊዜው ሲያልቅ ትከሻውን ነካ አደርጋለሁ። ረፋዱ ላይ ከአራቱ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖች አንዱ እንደ ባጃጅ አጓርቶ ጠፋ። ያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የሚጠግን አልነበረም። እትዬ ሐዋ ደሴ ሊልኩት በሻርፕ ሲጠቀልሉት፣ “ልክፈተው?” አልኳቸው።

“ከዚህ በፊት ከፍተህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

ሻርፑን መልሰው ፈቱት። “አውቃለሁ ብትለኝ አልሰጥህም ነበር። ክፈተው፣ ቢስሚላህ በል።”

ውስጡ የቆቦ ሜዳ አቧራ ነበር፣ የማሽላ ገለባም አለበት። ማራገቢያው ታንቆ ቆሟል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አላቀቅሁት፤ የቀረውን ከባጃጅ ሹፌሮች በተዋስኩት የጎማ መንፊያ አስወጣሁት። ማሽኑ ሠራ። ከዓመት በኋላ ሰዓት ያዥነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠና እኔ ጠጋኝ ብቻ ሆንኩ። ማዕረጌ እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

ጥገናን ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማሩኝ የተበላሹት ማሽኖች ናቸው። የጨዋታ ማሽን የሚሠሩ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ እኛ ቤት ግን በስማቸው አይጠሩም። አንዱ አንጋፋው ይባላል፣ አንዱ ባለገንዘቡ፣ ሦስተኛው የልጆቹ። እኔ የማውቃቸው ከውስጥ በኩል ነው። አንዱ ብሎኑን ከተለጣፊ ወረቀት ሥር ይደብቃል። ሌላው በገበያ ላይ ያለ ካቻቢቴ የማይገባበት ብሎን ያስራል፤ ለእርሱ የሚሆን መፍቻ ከብስክሌት ሽቦ ሞርጄ ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛዬንም ያገኘሁት ከማሽኖቹ መመሪያ ነው። ቃል በቃል ስለማነብ ቀርፋፋ ነኝ፤ የዘለልኩት መስመር ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ ዘልያለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ጊዜ ነው።

በየዓመቱ ሦስቱ ኩባንያዎች አዲስ ዕቃቸውን የሚያሳዩበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ውጭ አገር ይደረጋል። ጌም ቤታችን ውስጥ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ካርቶን እንሰቅላለን። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሦስቱ ማን ይበልጥ እንደሚያስደንቅ ገምቶ ከነምክንያቱ ይጽፋል። ያለ ምክንያት የተጻፈ ግምት አይቆጠርም፤ ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት የሞባይል ዳታ ከከተማችን ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። ስልክ መደወል ይቻላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ስለዚህ ኤግዚቢሽኑን ያየነው የቀረው ዓለም ካየው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ቪዲዮውን ዋይፋይ ካለበት ከወልዲያ በጥቂት በጥቂቱ አውርዶ በፍላሽ የሚያመጣልን የሚኒባስ ሹፌሩ ደሳለኝ ነው። ውጤቱን ሊያውቅ ስለሚችል እርሱ መገመት አይፈቀድለትም። ይህ በጣም ያበሽቀዋል።

በእነዚያ ስድስት ቀናት መግቢያው ላይ ቆሞ፣ “እኔ አይቻለሁ! እናንተ ገና ትገምታላችሁ። እንደ ጠንቋይ ቤት!” እያለ ይስቅብናል።

“ፍላሹን አምጣና ሂድ” ይሉታል እትዬ ሐዋ።

“እትዬ፣ ሲሳይ የጻፈውን አንብቤ ልሂድ። ይህ ዝምተኛ ዓመቱን ሙሉ የማያወራውን በካርቶን ላይ ነው የሚያወራው” ይላል ደሳለኝ ወደ እኔ እያመለከተ።

የዚያ ዓመት ግምት ግን እንደ ወትሮው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከአራቱ ማሽኖቻችን ሁለቱ ከጥገና በላይ ሆነዋል። ከዋጃና ከጎብዬ በገበያ ቀን የሚመጡት ልጆች ወረፋ ሰልችቷቸው መቅረት ጀምረዋል። እትዬ ሐዋ አንድ አዲስ ማሽን መግዛት ይችላሉ፤ ሁለተኛ አይችሉም። ካርቶኑን ስሰቅል አጠገቤ መጥተው በዝግታ፣ “ዘንድሮ ግምትህን አጥብቀህ ሥራው። የምትለውን ነው የምገዛው” አሉኝ። ያ ግዢ ካልተሳካ ቤቱ ይዘጋል። ቤቱ ከተዘጋ የእርሳቸውም የእኔም እንጀራ የለም።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ባለገንዘቡ ከወራት ጀምሮ እያወራ ነው፤ ዕቃው ቢደርስለት ዕቃውን ያሳይ ነበር። የልጆቹ ማሽን ገና መውጣቱ ስለሆነ ሌላ አይጨምርም። አንጋፋው ግን ዝም ብሏል፤ የቀድሞ ማሽኑንም ዋጋ ቀንሷል። ዘንድሮ የሚያስደንቀው አንጋፋው ነው።

እትዬ ሐዋ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልክ ነው። አዲሱ ማሽላ ሲያፈራ ነው ገበሬው የከረመውን ከጉድጓድ አውጥቶ የሚያረክሰው።”

ፍላሹ በመጣ ቀን ሠላሳ የሚሆን ሰው ቤቱ ውስጥ ተጨናነቀ። መጀመሪያ ባለገንዘቡ ቀረበ፤ የፊልም ቅንጭብ ብቻ አሳየ። የልጆቹ ኩባንያ የድሮ ማሽኑን ቀለም ቀይሮ መጣ። ከዚያ መድረኩ ጨለመና የአንጋፋው ሰው አዲሱን ማሽን በእጁ ይዞ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ ሥዕሉ የተጫዋቹን የላብ ጠብታ ሳይቀር ያሳያል። ቤታችን በጩኸት ተናጋ። ልጆቹ አንስተው ተሸከሙኝ። ደሳለኝ ከበሩ ላይ፣ “ይህ ሰው ሆዱ ውስጥ አንቴና አለው!” ይላል። በሕይወቴ ሰው ተሸክሞኝ አያውቅም።

ከትከሻቸው ላይ ሆኜ ስክሪኑን አየሁ። ከሥሩ ትንሽ ነጭ ጽሑፍ ታየና ጠፋ። ወዲያው የኤግዚቢሽኑ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰውየው ምን እንዳለ በእኛ ጩኸት አልሰማሁም።

እትዬ ሐዋ ወደ ላይ እያዩ፣ “ይህን ነው የምንገዛው?” አሉኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ማሽኑ አዲስ አበባ የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው። ወደ ሻጩ ደውዬ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ፣ ስንት ጆይስቲክ እንዳለው፣ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። መልሱን ጻፍኩ። ሌላ ልጠይቅ የሚገባኝ ነገር አልመሰለኝም። መኪና የሚገዛ ሰው ጎማ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ደሳለኝ የማሽኑን ካርቶን ከፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሮ አመጣው። “ሙሉ ሰው ነው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት” አለ። እትዬ ሐዋ በእጃቸው ከፈቱት። ከመደርደሪያው ላይ ልጆቹ የሚወዱትን የእግር ኳስ ዲስክ አነሡና ሊያስገቡ ጎንበስ አሉ። በአንድ እጃቸው ዲስኩን ይዘው በሌላው የማሽኑን ጠርዝ ዳሰሱ። ፊቱን ዳሰሱ፣ ጎኑን ዳሰሱ፣ አዙረው ጀርባውን ዳሰሱ።

“ሲሳይ፣ አፉ የት ነው?”

አፍ አልነበረውም። መመሪያውን ቆሜ አነበብኩት። ይህ ማሽን ዲስክ አይቀበልም፤ ጨዋታ የሚያገኘው ከኢንተርኔት አውርዶ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። መደርደሪያችን ላይ በየዓመቱ የተሰበሰቡ፣ ሲጫሩ በጥርስ ሳሙና እያሸሁ ያዳንኳቸው ዲስኮች ተደርድረዋል።

ፍላሹን ፈልጌ ያችን ነጭ ጽሑፍ ወዳየሁበት ቦታ መለስኩት። “ከእንግዲህ ዲስክ የለም” ይላል ሰውየው፤ ጽሑፉም ይህንኑ ይላል። አዳራሹ ተነሥቶ ያጨበጨበው ለዚህ ነው። ደጋግሜ አየሁት። አንድ ነገር ከዕቃው ላይ ተቀንሶ ሰው እንዴት ቆሞ ያጨበጭባል? ማራገቢያው የግንቦትን ሙቀት ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መብራት እየሄደ ሲመጣ ምን ይሆናል ያለ የለም። የኢንተርኔት መስመር የሌለበት ከተማ ምን ያድርግ ያለ አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ወንበር ላይ አልነበረም። እኛም ስድስት ቀን ዘግይተን አብረናቸው ጮኸናል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ።

“ወንድሜ፣ ዲስክ እኮ የድሮ ነው። አውርዱ” አለኝ።

“ኢንተርኔት የለንም።”

“ታዲያ ኢንተርኔት ሳይኖራችሁ ለምን ገዛችሁት?”

“እርስዎስ ለምን አልነገሩንም?”

“አልጠየቅኸኝማ!” ብሎ ዘጋው። ከቆቦ እንደምንደውል ያውቃል። ገንዘቡን ሲቀበል ኢንተርኔት አላችሁ ወይ አላለም።

በማግስቱ ማሽኑን ይዤ ከደሳለኝ ጋር ወልዲያ ሄድኩ። አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው አጠገብ አስቀምጬ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ማሽኑ “አገርዎን ይምረጡ” አለኝ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ወረድኩ። ኢስቶኒያ አለ። ከኢስቶኒያ ቀጥሎ ፊንላንድ ነው። ስቼ እንደሆነ ብዬ ከላይ ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ። ኢትዮጵያ በመካከላቸው መሆን ነበረባት፤ የለችም።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ከኋላዬ፣ “ሌላ አገር በልና እለፈው። ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው” አለኝ።

“ዕቃውን ሸጡልን እኮ! ሲሸጡ አገራችን የት እንደሆነ ያውቃሉ!”

ደሳለኝ በብዙ ዓመት ትውውቃችን ስጮህ ሰምቶኝ አያውቅም። “አብሽር ሲሳይ፣ ቀስ በል፣ ሰው እያየ ነው” አለኝ።

ያልኖርኩበት አገር መረጥኩ። የቤት ቁጥር ጠየቀኝ፤ የማላውቀውን ቁጥር ጻፍኩ። ጥገና በጀመርኩበት ቀን እውነት ስለተናገርኩ ነው ማሽን የተሰጠኝ። አሁን ማሽኑ ራሱ ካልዋሸህ አልበራም ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አንድ በነፃ የሚሰጥ የእግር ኳስ ጨዋታ አወረድኩ።

ቆቦ ወስደን ስንከፍተው ሠራ። ዘጠኝ ቀን ቤቱ ሞላ። የዋጃ ልጆች ተመልሰው መጡ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ “የጨዋታውን ፈቃድ ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ይገናኙ” የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብንነካው አልቀጠለም። ወልዲያ እየተመላለሱ ፈቃድ እየለመኑ ቤት አይተዳደርም።

ልጆቹን አሰናብተው እትዬ ሐዋ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስለ ኩባንያው፣ ስለ ሻጩ፣ ስለ ዝርዝሩ የሆዴን ተናገርኩ። አላቋረጡኝም።

ስጨርስ፣ “የምትለው ሁሉ ልክ ነው። ኩባንያው አላሰበንም። ሻጩ ደብቆናል። ግን አንተን ሌላ ነገር እያቃጠለህ ነው” አሉኝ።

“ጽሑፉን አይቼው ነበር” አልኳቸው።

“የትኛውን?”

“ቪዲዮው ላይ ዲስክ የለም የሚለውን። ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ አላነበብኩትም። ወደ ኋላ መመለስ እችል ነበር። አራት ወር ሙሉ ፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።”

“ተሸክመውህ ነበር” አሉ።

“አዎ።”

“ወላሂ እኔም እልል እያልኩ ነበር። ማን ያስደንቃል አልኩህ፣ ያስደነቀውን ነገርከኝ። እኔ ቤት የትኛው ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁህም” አሉኝ። ተነሥተው ማሽኑን ወደ ካርቶኑ መለሱ። “የሆቴሉ ባለቤት ለልጆቹ ከፈለገው ጠይቀው። በምትኩ ያገለገለም ቢሆን አፍ ያለው እንዲሰጠን።”

የሆቴሉ ባለቤት አፍ አልባውን ወስዶ ሁለት ያገለገሉ ባለዲስክ ማሽኖች ሰጠን። አንደኛው ማራገቢያው የተሰበረ፣ ሁለተኛው ዲስክ የማያነብ ነበር። የመጀመሪያውን በአንድ ቀን ጠገንኩት፤ ሁለተኛው ሳምንት ፈጀብኝ። ቤቱ አልተዘጋም። ዳግም ከቀሩት የዋጃ ልጆች ግን ያልተመለሱ አሉ።

በየከተማው ጌም ቤት ለምትጠግኑ የሥራ ባልደረቦቼ ያለኝ ምክር ይህ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ የሚያስደንቀውን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ እኔም አውቄያለሁ። ማሽን ስትመርጡ ግን ሻጩን የምትጠይቁት ስለሚሠራበት ቤት ይሁን፦ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኢንተርኔት መስመሩ፣ መደርደሪያው ላይ ስላለው ዲስክ። መልሱን ሳትጽፉ አትግዙ። ያልተነበበ መስመር ካለፈባችሁም ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሱት።